ዋሲላ ያላጠበቻት

በዋርካ በር ሴት ስትሞት መጀመሪያ የምትጠራው ዋሲላ ነበረች። ጉድጓድ ቆፋሪው፣ ከፈን አምጪው፣ ዱዓ አድራጊው ሁሉ የሚመጣው ከእሷ በኋላ ነው። መንደሯ ከአምባሰል ተራራ እግር ሥር የተለጠፈች ናት። ወደ ጋራው ጫፍ ወጣ ያለ ሰው የሐይቅን ውሃ ከሩቅ ያያል፤ ቁልቁል የወረደ ደግሞ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈውን አስፋልት ያገኛል። ቅሬው፣ የቀብር ዕድሩ፣ አንድ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቆፍራል፣ አብሮ ያለቅሳል፣ ንፍሮውንም አብሮ ይቀቅላል። ሬሳ አጥቦ መገነዝ ብቻ በየሃይማኖቱ ነው። የሙስሊም ሴቶቹን ጀናዛ ዕድሜዋን ሙሉ ስታጥብ የኖረችው ዋሲላ ናት።

ሥራውን የተማረችው ከአማቷ ነው። ገና ሙሽራ ሳለች አሮጊቷ ውሃ እንድታቀብላት ብላ ይዛት ገባች፤ በዚያው ቀረች። ዋሲላ የምታጥባትን ሴት በሕይወት እንዳለች አድርጋ ነበር የምታነጋግራት። «አብሽሪ እህቴ፣ አሁን በቀኝሽ ልጀምር ነው» ትላለች። ውሃውን በክርኗ ለክታ፣ የቁርቁራ ቅጠል ወቅጣ አረፋውን አውጥታ፣ ገላውን በጨርቅ እንደሸፈነች እጇን ከሥር አስገብታ ታጥባለች። ያየችውን ጠባሳ፣ ያየችውን ቁስል ለማንም አታወራም። የአጣቢ ዓይን ያየውን የአጣቢ አፍ ይቀብረዋል፤ አማቷ ያስተማረቻት ትልቁ ነገር ይኸው ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ዝም ማለት አቃታት። የገዛ ባሏ «ከእርከን ወድቃ ሞተች» ያላትን አንዲት ልጅ እግር ሚስት አጠበች። ከቀብር መልስ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ሳለ አጠገባቸው ቆም አለችና፣ «ለዚያ ቤት ሁለተኛ የሰው ልጅ አትስጡ» ብላ ሄደች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሰውየው ሚስት የሚሰጠው ቢያጣ አገር ለቆ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎች የባልና ሚስት ጠብ ሲይዙ ዋሲላን ሳይጠይቁ አይፈርዱም ነበር። የተጣላች ሴት ገመናዋን ለሽማግሌ አታወጣም፤ ለዋሲላ ግን ታወጣለች። ነገ ገላዋን የምታጥባትን ሴት ዛሬ ብትደብቃት ምን ይረባታል?

ውሃ የምታፈስላት ረቢያ ነበረች። ሁለቱ አብረው ያላዘኑበት ቤት፣ አብረው ያልገቡበት ጓዳ በመንደሩ አይገኝም። የረቢያን ጀርባ ከዋሲላ በቀር ያየው ሰው አልነበረም። በልጅነቷ የተዳረችለት ሰው በጋለ ማጭድ ተኩሷት ነበርና ጠባሳው ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ይወርዳል። ወንዝ ወርዳ ከሴቶች ጋር ገላዋን ታጥባ አታውቅም። የኋላ ባሏም፣ አላህ ይርሐመውና፣ በብርሃን ሳያየው ነው የሞተ። አንድ ቀን ከቀብር ሲመለሱ ረቢያ መንገድ ላይ ቆመችና፣ «እኔ ከቀደምኩ አንቺ ብቻ እጠቢኝ። ሌላ ሰው ጀርባዬን እንዳያይብኝ» አለቻት። ዋሲላም ወላሂ ብላ ማለችላት።

የሁለት ሺህ አሥራ አራቱ ጦርነት በመንደሩ ሲያልፍ የረቢያ ቤት ተቃጠለ። ሐይቅ ከተማ ዓሣ እያሰገረ የሚኖረው ልጇ መጥቶ ወሰዳት። ሐይቅ ሩቅ አገር አይደለም፤ በደህናው ጊዜ አስፋልቱ ድረስ ወርዶ ሚኒባስ መሳፈር ነው። ዋሲላም የስኳር በሽታ ተገኝቶባት ለሕክምና ወደ ከተማው መመላለስ ጀምራ ነበርና፣ ክኒኗን በተቀበለች ቁጥር ረቢያ ዘንድ ጎራ ብላ ውላ ትመጣለች። ረቢያ ከተማው አልተስማማትም። ጎረቤት አለ፣ ግን ቅሬ የለኝም ትላት ነበር፤ ሰው ሲሞት ማን እንደሞተ አላውቅም፣ ብሄድም እንግዳ ነኝ፣ ከበር ተቀምጬ እመለሳለሁ ትላለች። ዋሲላ ታዝንላታለች። ይህ ነገር በእሷ ላይ ይደርሳል ብላ አላሰበችም።

ከጥቂት ዓመት ወዲህ አገሩ እንደገና ሰላም አጣ። ዛሬ የተከፈተው መንገድ ነገ ይዘጋል፤ ጋራው ላይ የሚያድሩት ታጣቂዎች ሌላ፣ አስፋልቱ ላይ የሚውሉት ሌላ ሆኑ። የዋርካ በር ሰው ከሁለቱም ጋር ላለመነካካት አንገቱን ደፍቶ መሄድ ለመደ። ዋሲላን መጀመሪያ የነካት የጥሩምባው መቅረት ነው። የቅሬው ጥሩምባ ነፊ ዝናቡ፣ የክርስቲያኗ ጎረቤቷ የተሻለች ባል ነበር። አንድ ማለዳ መርዶ ሊያሰማ ጋራው ላይ ወጥቶ ቢነፋ፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች የክተት ጥሪ መስሏቸው ተኮሱበት፤ በፈጣሪ ቸርነት ተረፈ። ከዚያ ወዲያ ጥሩምባው ተሰቅሎ ቀረ፤ መርዶ በስልክ ሆነ። ስልክ ያለው ጎልማሳው ነው፤ እሱም ኔትዎርክ ሲኖር ነው። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሞተውን የሚሰሙት ከተቀበረ በኋላ ሆነ። በዋርካ በር ደግሞ ከቀብር መቅረት ማለት ከሰው መቅረት ማለት ነው። ዋሲላ ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ቀረችና ለቅሶ ቤት ሄዳ፣ አልሰማሁም፣ አልነገሩኝም እያለች እንደ ጥፋተኛ መማል ጀመረች። ሰዎቹ ምንም አይደል ይሏታል። ምንም አይደል ማለታቸው ይብስ አሳመማት።

መንገዱ ሲዘጋ ክኒኑም ይቋረጣል። ያላትን ክኒን ለሁለት እየገመሰች እየዋጠች ለማብቃቃት ትሞክር ነበር። ዓይኗ ላይ ጉም ወረደ፤ እግሯም ደነዘዘ። ሐኪሙ እግርሽን በየቀኑ ተመልከች ብሏት ነበር፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ብታይም እግሯ ከመሬቱ አይለይላትም። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለምራቷ ለራህማም ሆነ ለልጇ ለኑርዬ አላለችም። ማጠቢያው ክፍል ጨለማ ነው፣ እጄ መንገዱን ያውቀዋል ብላ ራሷን አጽናናች።

የረዳቷ የሀያ አክስት የሞተች ጊዜ ግን ነገሩ ወጣ። ሀያ፣ ረቢያ ከሄደች ወዲህ ውሃ የምታፈስላት፣ ልጆቿን አሳድጋ ያልጨረሰች ብርቱ ሴት ናት። ዋሲላ እንደ ልማዷ «አብሽሪ እህቴ» ብላ ጨርቁን ከሥር ገለጥ አደረገችና ማጠብ ጀመረች። ሲፈስ የነበረው ውሃ ቀጥ አለ። ከዚያ የሀያ ለስላሳ እጅ አንጓዋን ያዘና ከግራ ወደ ቀኝ አሻገረው። ዋሲላ የጀመረችው በግራ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ አዩ። ሀያም ውሃውን ማፍሰስ ቀጠለች። ዋሲላ ሥራውን ጨርሳ፣ ከፈኑን አስራ፣ እጇን ታጥባ ወጣች፤ ቤቷ ስትደርስ ግን ወደ ውስጥ ሳትዘልቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ሴት ስትሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለሀያ ሆነ። ሀያ ክፉ ሰው አይደለችም። መንገዷን አሳብራ እየመጣች፣ «እማማ፣ አብረን እንሂድ፤ አጠገቤ ይቀመጡልኝ» ትላታለች። ዋሲላም ሄዳ ትቀመጣለች። የከፈኑን ሽቶ ካፉሩን ስጡን ሲሏት ታቀብላለች።

ረቢያ የሞተችው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ኔትዎርክ ከጠፋ ሰንብቶ ነበርና መርዶውን ያመጣው በጋራ ለጋራ ከሐይቅ በእግሩ የመጣ ነጋዴ ነው። ጎህ ሲቀድ ሱብሒ ላይ ነፍሷ ወጥታለች፣ አሥር ሰዓት ግድም ከዐሱር ሶላት በኋላ ይቀብሯታል አለ። ዋሲላ ኢና ሊላሂ ብላ ተነሣችና የምትለብሰውን መፈለግ ጀመረች። ኑርዬ በሩ ላይ ቆመ። መንገዱ ከትናንት ጀምሮ ዝግ እንደሆነ፣ ባጃጅ እንኳን ዝር እንደማይል፣ እሱ ልውሰድሽ ቢል ወንድ ስለሆነ ከመንገድ እንደሚያስቀሩት ነገራት። እውነቱን ነው። እሷም እንዲከተላት አልጠየቀችውም። «ሴት ነኝ፣ አሮጊት ነኝ፤ እኔን ምን ያደርጉኛል» ብላ አለፈችው።

ተሻለች ይህን ከአጥሯ ማዶ ሰምታ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከዋሲላ ብዙም የማታንስ፣ ወገቧ የጎበጠ ሴት ናት። ዝናቡ ሊያስቀራት ቢሞክር፣ ዓይኗ የማያይ ሰው ብቻዋን ገደል ትግባ ወይ አለችው። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ። ዋሲላ የላስቲክ ጫማዋን ተጫምታለች። መንገድ ላይ ብዙም አልተነጋገሩም፤ ዋሲላ እየደጋገመች ፀሐይዋ የት ደረሰች ስትል ተሻለች ገና ነው ትላታለች።

አስፋልቱ ባዶ ነበር። ጥቂት እንደሄዱ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ፣ መሣሪያ የያዙ ልጆች ዳር ዳሩን ተቀምጠው አገኙ። አንደኛው ተነሥቶ መጣና ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃቸው። ዋሲላ ነገረችው። ጀናዛ ላጥብ ነው፣ የማልኩላት ናት፣ ካለእኔ ሌላ ሰው እንዳያያት ብላኛለች አለችው። ለማያውቁት ሰው እንዲህ ያለ ነገር መናገሯን ስታስብ ኋላ አፈረች፤ ያን ጊዜ ግን የሚያሳልፋት ቃል የቱ እንደሆነ አላወቀችም። ልጁ አልተቆጣም። ከፊት ለፊት ሌሎች እንዳሉ፣ ከአሁን አሁን ተኩስ እንደሚነሣ ነገራቸው።

«ባሳልፋችሁ እንኳ፣ እዚያ ጥምዝ ጋ ሳትደርሱ ትቀራላችሁ» አለ። «እናቴ፣ እርስዎ መንገድ ላይ ቢቀሩ እርስዎን ማን ያጥብዎታል?»

ዋሲላ ያን ያህል ዘመን ይህን ጥያቄ ራሷን ጠይቃው አታውቅም ነበር። ቆማ ሳለች ተኩሱ ተነሣ። ልጁ ሁለቱንም ገፍቶ ከአስፋልቱ ሥር ባለው የውሃ መውረጃ ቱቦ ውስጥ አስገባቸውና ሄደ። እዚያ ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ተሻለች በእመብርሃን እየተማጸነች፣ ዋሲላ በረሱል እየተማጸነች ተቃቅፈው ዋሉ። ከቱቦው አፍ የሚታየው ጥላ እየረዘመ ሄደ። ጥላው የዐሱርን ልክ ሲያልፍ ተሻለች አየችው፤ ለዋሲላ ግን አልነገረቻትም። ዋሲላ ከተሻለች ዝምታ አወቀችው። አሁን ሐይቅ ላይ የማታውቃቸው ሴቶች ረቢያን ገልብጠዋት ጀርባዋን እያዩ ነው፤ ምናልባትም አይተው ጨርሰዋል።

ተኩሱ ጋብ ሲል ወጥተው ዳገቱን ተያያዙት። ቤት ሲደርሱ ራህማ ጫማዋን ልታወልቅላት ጎንበስ አለችና ጮኸች። ጫማው ውስጥ ደም ረግቷል፤ አንድ ሹል ጠጠር ከእግሯ መዳፍ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ተቀብሯል። ዋሲላ ያን ሁሉ መንገድ ስትረግጠው አልተሰማትም ነበር።

ቁስሉ አልድን አለ። ራህማ በጨው ውሃ ታጥበዋለች፣ በንጹሕ ጨርቅ ትጠቀልለዋለች። ክረምቱ ገባ፤ መንገዱ ለአንድ ቀን ተከፍቶ ለሳምንት ይዘጋል። ኑርዬ ሁለት ጊዜ በሸክም አውርዷት ሁለት ጊዜ ከአስፋልቱ መለሷቸው። በመጨረሻ መንገዱ ተከፍቶ ደሴ ሲደርሱ የእግሯ ጣቶች ጠቁረው ነበር። ሐኪሙ እግሯን አይቶ፣ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ ካለ በኋላ ፊታቸውን አየና ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። ከጉልበቷ በታች ቆረጧት።

የተቆረጠውን እግር ወስዶ መቅበር የሚፈልግ ቤተሰብ ይወስዳል ብለው ለኑርዬ ነገሩት። ኑርዬ ደጅ ወጥቶ ብዙ አሰበ። ከደሴ እስከ ዋርካ በር ያሉትን ኬላዎች አንድ በአንድ አስታወሰ። በየኬላው ሰው ሁሉ ይወርዳል፣ ጥቅል ሁሉ ይፈታል። ምንድን ነው ሲሉት፣ የእናቴ እግር ነው ሊል ነው። ፍቱት ቢሉትስ? በደሴ ደግሞ መቃብር የሚቆፍርለት አንድ የሚያውቀው ሰው የለውም። ተመልሶ ገባና እናንተው እንደምታደርጉት አድርጉት አላቸው።

ዋሲላ ቤቷ ከገባች በኋላ፣ የሚጠይቃት ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠብቃ ኑርዬን ጠራችው።

«እግሬን የት ቀበርከው?»

«እዚያው ደሴ፣ እማ» አለ። «ከመስጊዱ አጠገብ አስቀብረነዋል።»

«ማን አጠበው?»

ኑርዬ ወደ በሩ ዞረ። ዓይኗ ባያይም ጆሮዋ ደህና ነበርና ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሰማችው። ሌላ አልጠየቀችም። ሂድ፣ ከብቶቹ ይጠብቁሃል ብላ አሰናበተችው። እሱም ወጥቶ ከበረቱ አጠገብ ቆሞ አለቀሰ፤ ይህን ራህማ አየችው እንጂ ዋሲላ አላወቀችም።

መጀመሪያ ሰሞን ሰው አልተለያትም። የቅሬው ዳኛ ሙነወርም ከሽማግሌዎች ጋር መጣ። ቅሬው መክሮበታል፣ እርስዎ ብዙ ዘመን ደክመውልናል፣ ከእንግዲህ ቀብር ቢቀሩ፣ ለቅሶ ቢቀሩ ማንም አይጠይቅዎትም፣ ከግዴታው ሁሉ ነጻ ነዎት አላት። በአክብሮት ነው የተናገረው፤ ቃሉንም አሳምሮ ነው የመጣው። ዋሲላ አላህ ይስጥልኝ ብላ መረቀቻቸው። ሲወጡ ግን ለተሻለች፣ «ሞቼም ሳይሆን፣ ኖሬም ሳይሆን ሰረዙኝ» አለቻት። ተሻለች ለክብርሽ ብለው ነው እንጂ ብላ ልታጽናናት ሞከረች። ዋሲላም አውቃለሁ አለች።

የሐይቅ ሴቶች የረቢያን ጀርባ ማውራታቸውን የሰማችው ከዚህ በኋላ ነው። ገበያ ደርሳ የመጣች አንዲት ጎረቤት ወሬ አጫውታለሁ ብላ፣ ለካ ረቢያ ጀርባዋ እንዲያ ኖሯል፣ ያጠቧት ሴቶች ድንጋጤው እስካሁን አልወጣላቸውም አለች። አንዱ ባሏ ነው ይላል፣ ሌላው ሌብነት ይዟት ነው ይላል ብላ ጨመረች። ዋሲላ እስክትጨርስ አዳመጠቻት። ሴትዮዋ ስትወጣ ራህማን በሩን ዝጊው አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲመጣ ተኝታለች በይ ማለት ለመደች። ባሏ ያስመረራት አንዲት ሙሽራ እንባዋን እያፈሰሰች እግሯ ሥር ብትወድቅ እንኳን፣ እኔ ምንም አላውቅም ልጄ፣ ወደ ሌላ ሂጂ ብላ መለሰቻት። ሙሽራይቱ የምትሄድበት ሌላ ሰው አልነበራትም። ዋሲላም ይህን ታውቃለች።

በዚያው ዓመት የተሻለች ልጆች ከኮምቦልቻ መጥተው አባትና እናታቸውን ወሰዱ። እዚህ ተቀምጣችሁ አንድ ቀን እንዳታልቁብን አሏቸው። ተሻለች ልትሰናበታት መጥታ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። በኋላ ተሻለች፣ እዚያ ሕንፃው ላይ ነው አሉ የምንኖረው፣ ደረጃውን የምወጣ የምወርድ አይመስለኝም አለች። ዋሲላ እጇን ያዘችና፣ ሂጂ፣ ልጆችሽ ይሻሉሻል አለቻት። መኪናው ሲነሣ ድምፁን ሰማች፤ ቁልቁለቱን ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ሰማችው።

ከዚህ በኋላ ነው አንድ ቀን ራህማን ወደ አልጋዋ የጠራቻት። እኔ ስሞት መንገዱ ዝግ ሊሆን ይችላል፣ ኔትዎርኩ ጠፍቶ ሀያ ላትሰማ ትችላለች፣ ስለዚህ አንቺ ታጥቢኛለሽ፣ አሁን ላሳይሽ አለቻት። ራህማ ፈራች፤ እማ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይናገሩብኝ ብላ ልታመልጥ ፈለገች። ዋሲላ ግን አስቀመጠቻት። ውሃው በክርንሽ ይለካ አለቻት። ጨርቁ ከገላዬ ላይ አይነሣ፣ እጅሽን ከሥር አስገቢ አለቻት። ቀጥላም ከቀኝ ትጀምሪያለሽ አለችና ስለ እግሩ ልትነግራት ስትል ቆመች። ቀኝ እግሯ ነበር የተቆረጠው።

ዋሲላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ተይው» አለች። «እንደሆነልሽ አድርጊኝ።»

ራህማ ብርድ ልብሱን አለባብሳት ወደ ሥራዋ ወጣች።